ቢጫው ጀሪካንና 35 ሚሊ ሜትር፦ ማየት የመልመድ ማስታወሻ

መጋቢት 8፣ 2017

ፆም ነው፣ ሰርግ የለም። ካሜራዬ ቦርሳ ውስጥ ከተኛ ሦስት ሳምንት ሆነው።

ትናንት ሥራ ስፈታ የስድስት ዓመት የሰርግ ፎቶዎቼን ከሃርድ ዲስክ ከፍቼ ሳገላብጥ ዋልኩ። ሙሽሮቹን ባቀያይራቸው ማንም አይነቃም። ያው አዳራሽ፣ ያው ነጭ ሶፋ፣ ያው ዛፍ ሥር ግንባር ለግንባር። ፎከሱ ልክ ነው፣ ብርሃኑ ልክ ነው፣ ደንበኛም አኩርፎብኝ አያውቅም። ግን «ይህቺን እኔ ነኝ ያየኋት» የምላት ፎቶ ስፈልግ አስር አልሞላልኝም።

የፋይሎቹን ዝርዝር መረጃም አየሁ። በ18-55 ሚሊ ሜትር ዙም ሌንሴ ካነሳኋቸው አብዛኞቹ ወይ 18 ላይ ናቸው ወይ 55 ላይ። መሃሉን አልነካሁትም ማለት ይቻላል። ሰፊ ሲያስፈልገኝ ዙሙን እስከ ጥግ፣ ቅርብ ሲያስፈልገኝም እስከ ጥግ። ስድስት ዓመት ሙሉ እግሬ ቆሞ ጣቴ ነው የሠራው።

ስለዚህ ለራሴ ሥራ ሰጠሁ። እስከ ክረምት አንድ ካሜራ፣ አንድ ሌንስ፣ አንድ ሰፈር። ካሜራው ያው አሮጌው ኒኮን ዲ5300 ነው። ሰፈሩ የምኖርበት፣ ከሾላ ገበያ ጀርባ ያለው። ሙሽራ የለም፣ ክፍያ የለም። እዚህ የምጽፈው በየጊዜው ምን እንዳበላሸሁ ነው።

መጋቢት 12

ሌንስ ገዛሁ። 35 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 (የብርሃን ቀዳዳው ሰፊ የሚከፈት)፣ ያገለገለ። ሻጩ 19,000 ብሎ ጀመረ፣ በ16,500 ተስማማን። ፊቱ ላይ ፀጉር የምታክል ጭረት አለች፤ ፎቶ ላይ አትታይም። ያገለገለ ሌንስ የምትገዙ ሰዎች፦ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከኋላ በኩል እዩበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ በነፃም ቢሰጣችሁ አትውሰዱ። 52 ሚሊ ሜትር ፊልተር 900 ብር ጨመርኩበት።

የካሜራዬ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ) ትንሹ ዓይነት ስለሆነ 35ቱ በ1.5 ተባዝቶ በትልቁ ሴንሰር ላይ እንዳለ 52 ገደማ ያሳያል። ሰፊም ጠባብም አይደለም። ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ደግሞ አያስጠጋም። ከዚያ ካለፍኩ ፎከስ እምቢ ይላል።

የመጀመሪያው ቀን 140 ፎቶ፣ ሁሉም ከንቱ። ዙም የለም፤ ሰፋ እንዲልልኝ ስፈልግ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ወደ ኋላ ስሄድ አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ መደብ ላይ ልቀመጥ ለጥቂት ተረፍኩ።

«አንተ! ዓይን የለህም?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው።

መጋቢት 19

የዚህ ሳምንት ሙከራ፦ ካነሳሁ በኋላ ስክሪን አለማየት። ሰርግ ላይ ያመጣሁት አመል ነው፤ ጠቅ አደርግና ወዲያው አንገቴን ደፍቼ ስክሪኑን አያለሁ። አንገቴን በደፋሁበት ሰዓት ስንት ነገር እንዳለፈኝ እንጃ።

በ60 ብር ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ገዝቼ ስክሪኑን ለጠፍኩት። በቀን 36 ፎቶ ብቻ፣ ልክ እንደ ድሮው የፊልም ጥቅል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ዞርኩ። ደስ ብሎኛል፤ እጄ ተፍታቷል። ቪውፋይንደሩ (የካሜራው ማያ ቀዳዳ) ውስጥ «ሃይ» የምትል ፅሑፍ ብልጭ ስትል አይቻለሁ፤ ሰላም ትለኝ ይመስል ችላ አልኳት። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍት 36ቱም ነጭ። ነጭ ስላችሁ ወረቀት ነው የሚመስለው። ለካ በዋዜማው ማታ ቤት ውስጥ ስሞክር አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ላይ ትቼዋለሁ። አፐርቸሩ (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 8 ነው። በዚያ ፀሐይ ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) አንድ አስራ ሁለት ሺኛ ሰከንድ ገደማ መሆን ነበረበት። የኔ ካሜራ መጨረሻው አንድ አራት ሺኛ ነው። «ሃይ» የምትለው ይህንኑ ልትነግረኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከቤት ስወጣ ቁልፍ፣ ስልክ፣ አይኤስኦ እያልኩ ነው የምወጣው።

ሌላም አለ፣ አፍሬ ነው የምጽፈው። ሳምንቱን ሙሉ ቴፕ ስለጥፍና ስልጥ ከርሜ፣ ሙጫው ስክሪኑ ላይ ቀርቶ በአልኮል ሳጸዳ፣ ስክሪኑ ተዘዋዋሪ መሆኑ ትዝ አለኝ። ወደ ውስጥ ገልብጦ መዝጋት ይቻላል። ካሜራው እጄ ከገባ አምስት ዓመቱ ነው።

መጋቢት 26

የዛሬው ረጅም ነው፤ የሆነ ነገር ስለተገኘ።

ሙከራው አንድ ዕቃ መርጦ፣ ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ ሃምሳ ጊዜ ማንሳት ነው። አንዱ ከሌላው መለየት አለበት። ያማረ ዕቃ አልፈለግኩም። ጀበና ባነሳ ጀበናው ራሱ አምሮ ያድነኛል። ስለዚህ ግቢው በር ላይ ያለችውን ቢጫ የዘይት ጀሪካን መረጥኩ። ባለ 20 ሊትር ናት። ክዳኗ ጠፍቶ በፌስታል ታስራለች። እጀታዋ ላይ የአከራዬ የእትዬ ምልክት የሆነ ቀይ ክር አለ። ውሃ እኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ነው የሚመጣው። በዋዜማው እትዬ «ነቅተህ ቅዳልኝ» ብለውኝ ነበር። ጠዋት ሲጠይቁኝ ቀድቻለሁ አልኳቸው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ 12 ፎቶዎች አራት ደቂቃ አልፈጁም። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ፣ እጀታው፣ አፉ፣ ክሩ። አለቀ። አስራ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጀሪካን ጀሪካን ነው፤ ሌላ ምን አለው? ካሜራውን አጋደልኩ። በሆዴ ተኛሁ። ከ13 እስከ 25 ያሉት የሰርግ ቤት ዘዴዎች ናቸው፣ ዋጋ የላቸውም።

እትዬ በነጠላ ተከናንበው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መሬት ላይ ተኝቼ አገኙኝ።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ጀሪካኑን እያነሳሁት ነው፣ እትዬ።»

«አንሳውና ወደ ውስጥ አስገባዋ!»

30ኛው ላይ ተስፋ ቆርጬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ያኔ ፀሐይዋ ከቆርቆሮው አጥር በላይ ወጣች። ብርሃኗ በጀሪካኑ ጀርባ ገባ። ፕላስቲኩ ቀጭን ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ጀሪካኑ ከውስጡ በራ። በላይኛው ግማሽ የዳቦ ቅርፊት ዓይነት ቢጫ፣ በታችኛው ግማሽ ማር የመሰለ ጠቆር ያለ ቢጫ፤ መሃል ላይ ቀጥ ያለ የውሃ መስመር። መኪና ሲያልፍ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። እጀታው ጥቁር ጥላ ሆኖ ቀረ።

ስድስት ዓመት በዚያ በር ስገባና ስወጣ ያየሁት «ጀሪካን» የሚለውን ስም ነው። ስሙን ካየሁ በኋላ ማየት አቆማለሁ፤ ዓይኔ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ሙሽራም ላይ እንደዚያው ነው። «ሙሽራ» ካልኩ በኋላ የምትታየኝ ሴትዮዋ አይደለችም፣ ሌሎች ሙሽሮች ፎቶ ላይ እንዴት እንደሚቆሙ ነው።

ቴክኒኩን ግን ሁለቴ ስቻለሁ። አንደኛ፣ ዋይት ባላንሱ (የቀለም ማስተካከያው) አውቶ ላይ ስለነበር ካሜራው ቢጫውን እንደ ጥፋት ቆጥሮ ወደ ግራጫ ጎተተው። ጥሬ ፋይል (ካሜራው ያላቀነባበረው) ስለነበር ቤት ገብቼ ወደ ፀሐይ ብርሃን መለስኩት። ሁለተኛው ይብሳል። ሂስቶግራሙ (የፎቶውን ብርሃን የሚያሳየው ግራፍ) ደህና ይላል፣ ፎቶው ላይ ግን ጀሪካኑ ቀለም እንደፈሰሰበት ድፍን ሆኗል። ደጋግሜ ሳየው ነጩ ሂስቶግራም አማካዩን ነው የሚያሳየው። ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ ስከፍታቸው ቀዩ ጥግ መትቶ አልፏል። ቢጫ ነገር ስታነሱ ቀድሞ የሚቃጠለው ቀዩ ነው። ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) በ0.7 እርከን ቀንሼ ከ38 እስከ 50 ያሉትን በድጋሚ አነሳሁ። ጥሩዋ 44ኛዋ ናት።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ሁሉም የፎቶ መምህር «በቀትር አታንሱ» ይላል። ታዲያ እኔ የምኖረው ቀትር የሚበዛበት አገር ነው። እዚህ ጠዋት ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ታህል ትወጣለች። ያ ወርቃማ የሚባለው ብርሃን ገና ካሜራ ሳስተካክል ያልፋል። ስለዚህ ቀትሩን ልወቀው አልኩ።

ቀኑን መርጬ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ትክክል በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ አንዴ አሁን፣ አንዴ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ። ግቢው መሃል የመጥረጊያ እንጨት ተከልኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው ገና አለ። እኛ ሰዓታችንን የምንሞላው ከኛ ወደ ምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ እውነተኛው ቀትር ወደ 25 ደቂቃ ይዘገያል። 6፡25 ላይ ጥላው እንጨቱ ሥር ገባና ጠፋ። የቤቱ ልጆች ከበቡኝ። «ጥላውን ማን ወሰደው?» ይላሉ። የእንጨቱ ፎቶ ራሱ ምንም አይልም። የልጆቹ ግን ጥሩ ነው፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጥላ በጫማቸው ረግጠው ቆመዋል።

ከዚያ ወደ ገበያው ወረድኩ። ሰሞነ ሕማማት ነው፣ ፋሲካ ስድስት ቀን ቀርቶታል፣ ሽንኩርት እንደ ጉድ ይሸጣል። ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ጉድጓድ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ከላይ አንድ አምፖል እንደተንጠለጠለበት እስር ቤት። ግን ከሸራ በታች ስገባ ሌላ ዓለም ነው። ብርሃኑ መሬት መትቶ ወደ ላይ ይመለሳል። ፊት ከታች ይበራል፣ ዓይን ውስጥ ብርሃን ይገባል።

ጣጣው የሸራው ቀለም ነው። ሰማያዊ ሸራ ሥር ሁሉም ሰው የታመመ ይመስላል። በነጭ ወረቀት ዋይት ባላንሱን አስተካክዬ ሞከርኩ፤ ፊቱ ሲድን ከውጭ ያለው መንገድ በሙሉ ብርቱካንማ ሆነ። ለሁለቱም የሚሆን መላ የለም። በመጨረሻ ተውኩት፤ ሰማያዊው ሰማያዊ ይሁን።

ያችኛዋ የሽንኩርት ነጋዴ ዣንጥላዋ ጥቁር ነው። ጥቁር ዣንጥላ ቀለም አይጨምርም። ጭኗ ላይ ነጭ ነጠላ አጣጥፋለች። ፀሐይዋ በዣንጥላው ጠርዝ አልፋ ነጠላው ላይ ታርፋለች፤ ከነጠላው ተነስታ አገጯንና ጉንጯን ታበራለች። ለሰርግ ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ ሰሌዳ) የሚይዝልኝን ልጅ በቀን እከፍለዋለሁ፤ እዚህ ሽንኩርት እየቆጠረች በነፃ ተሠርቷል። እንዳነሳት ጠየቅኳት። ፈቀደች። ስመላለስ፣ ስጎነበስ፣ ስጠጋ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ሌንሱን እጇ ላይ ሳስጠጋ ዝም ብላ አየችኝና

«አሁንማ ዓይን አወጣህ!» አለችኝ።

ገበያተኛው ሳቀ። ዓይን አውጣ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ከመጋቢቱ ጋር አነጻጽሬ እንደ ምስጋና ወሰድኩት። ሁለት ኪሎ ሽንኩርትም ገዛሁ።

ግንቦት 4

አራት ሳምንት ምንም አልጻፍኩም። ሰርግ ነው። ትናንት የሆነውን ግን መጻፍ አለብኝ።

ቀለበት ሊደረግ ነው። የአዳራሹ ወለል የተወለወለ ጥቁር ሴራሚክ ነው። የሻማዎቹ ብርሃንና የሚዜዎቹ ቀሚስ ተገልብጦ ይታይበታል። ጎንበስ አልኩ። እውነትም ያምራል። ትንሽ ልጠብቅ፣ ያቺ ልጅ እግሯን ታንሳ እያልኩ ሳለሁ እልልታው ቀለጠ። ቀና ስል ቀለበቱ ገብቷል።

ሁለተኛው ካሜራ የያዘው ልጅ ከሩቅ አግኝቷታል፣ እሱ ባይኖር ጉድ ነበር። ቅርቡን ፎቶ ግን እኔ ነበርኩ የማነሳው። ለሙሽሮቹ እውነቱን ነግሬ 3,000 ብር ቀነስኩላቸው። ሙሽራው ብዙም አልከፋውም። እናቱ ግን እስካሁን ስልኬን አያነሱም።

የወለሉ ፎቶ ይኸው እጄ ላይ ነው። ደህና ነው። ሦስት ሺህ ብር ግን አያወጣም።

ከዚህ በኋላ ሰርግ ላይ ደንብ አወጣሁ። ቀለበት፣ ቬሎ፣ ኬክ፣ ጉልበት መሳም፤ እነዚህ ሲሆኑ እንደ ድሮው። በመሃል ላሉት የሞቱ ደቂቃዎች ነው 35ቷ የምትወጣው።

ግንቦት 17

የካርቶን ሳምንት። ወጪ ዜሮ ብር።

የአምፖል ካርቶን ላይ 6 በ4 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ በምላጭ ቆረጥኩ። ከዓይኔ 9 ሳንቲ ሜትር ላይ ስይዘው የ35ቱ ሌንስ የሚያየውን ያህል ያሳያል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሴንሰሩ ስፋት 23.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ35 ጋር ያለውን ዝምድና ከ6 ሳንቲ ጋር ማስተካከል ነው። ርቀቱን እንዳልስት ካርቶኑ ላይ ክር አሰርኩ፤ ክሩ 9 ሳንቲ ላይ ተቋጥሯል፣ ቋጠሮውን ጉንጬ ላይ አደርጋለሁ። ካሜራ ሳልይዝ በቀን አንድ ሰዓት በካርቶን ብቻ መዞር። ማንሳት ስለማይቻል ማየት ብቻ ነው የሚቀረው።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ አልገመትኩም ነበር። ሁለተኛው ቀን አንዱን የጭቃ ቤት ግድግዳ በካርቶን ሳይ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ክር ጉንጬ ላይ አስይዤ፣ አንድ አባት ከውስጥ ወጡ።

«ምንድን ነው የምትለካው?»

«አልለካም አባባ፣ ፎቶ…»

«ታዲያ ካሜራህ የታለ?» ቆም ብለው አዩኝ። «ሊፈርስ ነው? እውነቱን ንገረኝ።»

ደነገጥኩ። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ከተማ፣ በካርቶን ቤት የሚያይ ሰው ምን እንደሚመስል ማሰብ ነበረብኝ። ገብቼ ስልኬ ላይ ያለችውን የጀሪካን ፎቶ አሳየኋቸው። ለማስረዳት ብዬ ነው። እሳቸውን ይበልጥ ሳያጠራጥራቸው አልቀረም። ግን ቡና አጠጡኝ። ግድግዳውንም ሌላ ቀን በካሜራ አነሳሁት። ጭድና ጭቃው ከጎን ብርሃን ሲመታው የሽማግሌ ፊት ይመስላል፤ በቀትር ሳየው ልሙጥ ነበር።

ቤት ስገባ የፒያሳ ፎቶዎቼን ፈለግኩ። በ2016 ብዙው ክፍሏ ከመፍረሱ በፊት ስንት ዓመት ተመላልሼባታለሁ። ያገኘሁት 11 ፎቶ ነው። በአስራ አንዱም ላይ ሙሽሮች ፊት ለፊት ቆመዋል። ከኋላቸው ያለውን በረንዳ ሆን ብዬ አደብዝዤዋለሁ። ስለዚህ ነገር ሌላ የምለው የለኝም።

በዚያው ሳምንት አለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል የተማረ ጓደኛዬ ዱካ እንድስል አደረገኝ። ዱካውን አይደለም፤ በእግሮቹ መሃል ያለውን ክፍት ቦታ። «እግር አትሳል፣ አየሩን ሳል» ይለኛል። ዱካ ብዬ ስስል የሕፃን ሥዕል ይወጣል። አየሩን ስስል ዱካው ራሱ ልክ ሆኖ ብቅ አለ። ፎቶ አንሺው ሚካኤል ፀጋዬም እዚያው ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ፣ የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ነው ወደ ካሜራ የዞረው። ሥራዎቹን ሳይ ባዶው ቦታ ለምን እንደዚያ እንደሚከብድ ትንሽ የገባኝ መሰለኝ።

ሰኔ 8

እስካሁን ካነሳሁት 120 መርጬ ፎቶ ቤት አሳተምኩ። 10 በ15፣ አንዱ 25 ብር። 3,000 ብር።

ስቀበል 40ዎቹ የኔ አይመስሉም። ጨለማ ያደረግኩት ሁሉ በርቷል፣ ጥላ የለም፣ ጀሪካኗም ግቢው ውስጥ ተራ ጀሪካን ሆናለች። ለካ ማሽኑ በራሱ ያስተካክላል። ልጁ «ጨልሞብህ ስለነበር አስተካከልኩልህ» አለኝ፣ ውለታ እንደዋለልኝ ሆኖ። ማስተካከያውን አጥፍቶ 40ውን በግማሽ ዋጋ ደገመልኝ። 500 ብር። መጀመሪያ አንድ ፎቶ ብቻ አሳትሞ ማየት ነበረብኝ።

ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው። መጀመሪያ በስማቸው ከመርኳቸው፦ ሰው፣ በር፣ ገበያ፣ ዕቃ። ምንም አልነገረኝም። ከዚያ አፍርሼ በብርሃኑ ከመርኳቸው፤ ከፊት የመጣ፣ ከጎን፣ ከላይ፣ ከጀርባ። ያኔ ነገሩ ፈጠጠ። 67ቱ ከፊት ናቸው። ከጀርባ የበሩት 9 ብቻ ናቸው፤ ከወደድኳቸው ስድስት ፎቶዎች አራቱ ደግሞ እነዚያ 9 ውስጥ አሉ።

ሌላም ቆጠርኩ። ከ120 ውስጥ 98ቱ በቁመቴ ልክ ቆሜ ያነሳኋቸው ናቸው። የአንድ ሜትር ከሰባ ሰው የሚያየውን ብቻ።

ከዚያ ሁሉንም ገልብጬ፣ እግራቸውን ወደ ላይ አድርጌ አየኋቸው። ሲገለበጥ ስሙ ይጠፋል፣ ቅርፁ ይቀራል። አንዲት ሕፃን የምትስቅበትን ፎቶ በጣም እወደው ነበር። ሲገለበጥ ምንም የለውም። የወደድኩት ሳቋን እንጂ ፎቶውን አልነበረም። አወጣሁት። ኋላ ለእናቷ ሰጠኋት፤ እሷ ዘንድ ቦታው ነው።

ሰኔ 29

ክረምቱ ገባ። ፀሐይ አሁን በቀትር ከአናታችን ወደ ሰሜን ዞራለች፤ ብትወጣ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። ግን አትወጣም። ሰማዩ ሙሉ አንድ ትልቅ ነጭ ሸራ ነው።

ካሜራውን በፌስታል ጠቀለልኩ፣ ለሌንሱ ቀዳዳ አበጀሁና በላስቲክ አሰርኩት። ይሠራል። የማይሠራው ከብርድ ወደ ሞቃት ቡና ቤት ሲገባ ነው፤ ሌንሱ ወዲያው ላብ ያወጣል። ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ነው። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ከጫማ ካርቶኖች የለቀምኳቸው የእርጥበት ከረጢቶች አሉ። ባትሪውም ደክሟል፣ ተመሳሳዩን በ2,400 ብር ገዛሁ።

ሰሞኑን የሳውል ላይተርን ፎቶዎች አያለሁ። ሠዓሊ ልሁን ብሎ በ1946 ኒው ዮርክ የገባ ሰው ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። ለአስርት ዓመታት በሰፈሩ አካባቢ፣ በጉም በያዘው መስታወት፣ በዣንጥላና በበረዶ ውስጥ ሲያነሳ ኖረ። 2013 ላይ ሲሞት እዚያው ከተማ ነበር። የኛ ክረምት የሱን በረዶ ባይሆንም መስታወት ግን አለን፤ ሚኒባስ።

ከመገናኛ የሚነሳ ታክሲ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። የሰው ትንፋሽ መስታወቱን ሸፍኖታል። ከውጭ ሰማያዊ በነጭ ታክሲዎች እንደ ውሃ ቀለም ይፈሳሉ። አንድ ቀይ ዣንጥላ ከዳር ወደ መሃል እየመጣ ነው። አውቶፎከሱ መስታወቱን ልያዝ ውጩን ልያዝ ሲል ይንገላታል። በእጅ አዞርኩት፣ ነጠብጣቦቹ ላይ አቆምኩት። አይኤስኦ 1600። ዣንጥላው ሊደርስ ነው። ሁለት እርምጃ። አንድ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ በጋቢያቸው ጫፍ መስታወቱን ሙልጭ አድርገው ጠረጉት።

«እንዲታይህ ብዬ ነው» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ።»

ጠራርገው ያሳዩኝ ነገር ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ታክሲ ነበር። እሱንም አነሳሁት፤ እያዩኝ ስለሆነ።

በማግሥቱ፣ በሌላው ቀንም ተመለስኩ። ሰባት ጉዞ፣ 84 ፎቶ። አብዛኞቹ የላይተር ቅጂ ናቸው፣ ያውም ደካማ ቅጂ። ቀይ ዣንጥላ ሳይ የማስታውሰው የሱን ፎቶ ነው፤ እንግዲህ «ጀሪካን» ከሚለው ስም ወጥቼ «ላይተር» በሚለው ስም ገባሁ ማለት ነው። ከሁሉም የተሻለችው እሱ የማያውቃት ናት። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እየተጣራ እጁ በጉሙ ላይ አምስት ጣት አትሟል። ከጣቶቹ መሃል ቄራ ሰፈር የሚሄድ ሰው ዓይን ይታያል። ፎከሱ ትንሽ ስቷል። እተዋት እንደሆነ ገና አልወሰንኩም።

ሐምሌ 6፣ እሁድ

ወጪ ስደምር፦ ሌንስ፣ ፊልተር፣ ቴፕ፣ ህትመት፣ ባትሪ፣ ለሙሽሮቹ የቀነስኩት። 26,360 ብር። ሽንኩርቱንና ታክሲውን አልቆጠርኩም። ገቢ የለም።

44ኛዋን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ለእትዬ ወሰድኩላቸው። መነፅራቸውን ፈልገው አደረጉ። ራቅ አድርገው ያዟት፣ ቀረብ አደረጓት።

«ፋኖስ ነው?»

«አይደለም።»

«ማር ነው። የማር ብርሌ።»

«ይመልከቱት እስቲ፣ እጀታው ጋ።»

ቀዩን ክር አዩት። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ያቺ ጀሪካን! እኔ በሞትኩት፣ እንዲህ ታምራለች እንዴ?» ደስ አለኝ። አራት ወር የለፋሁበት ነገር አንድ ሰው ዘንድ ደረሰ አልኩ። ፎቶዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን መሃሏ ላይ፣ የውሃው መስመር ላይ አሳረፉ።

«ይሄ መቼ ነው የተነሳው?»

«መጋቢት ላይ። ያን ቀን መሬት ላይ ተኝቼ ያገኙኝ ጠዋት።»

«ሌሊት ቅዳልኝ ያልኩህ ዕለት?»

ዝም አልኩ።

«ቀድቻለሁ ብለኸኝ የለም እንዴ፣ አንተ ልጅ? ይኸው ግማሽ ነው!»

ፎቶዋን ሳሎናቸው ሰቅለዋታል። ዛሬ ሌሊት ውሃ ይመጣል፤ ስልኬን 9 ሰዓት ላይ ሞልቼዋለሁ።